ዋንዛ ወይስ ግራቪሊያ? ለጅማ ግቢና መንገድ ዳር

ጅማ ውስጥ ለጥላ ዛፍ የሚተክል ሰው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያመነታል።

ቦታ፦ ዋንዛ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ከግድግዳ ቢያንስ 6 ሜትር፣ ከሌላ ዛፍ ከ8 እስከ 10 ሜትር ይራቅ። ግራቪሊያ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ በአጥር ዳር ከ3 እስከ 4 ሜትር ይበቃዋል።

ዕድገት፦ ግራቪሊያ ይቀድማል።

ስጋት፦ የግራቪሊያ ቅርንጫፍ ተሰባሪ ነው፤ ነፋስ ሲበረታ ይገነጠላልና መኪና ማቆሚያና የመብራት ሽቦ አጠገብ አይተከል። ቅጠሉ ቶሎ ስለማይበሰብስ አሸንዳ ይደፍናል። የዋንዛ የሚያጣብቅ ቢጫ ፍሬ ደግሞ ንጣፍ ያቆሽሻል፤ በበጋም ቅጠሉ ይረግፋል። ግን ያው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል፣ ነጭ አበባው ንብ ይጠራል፣ ከጥላው ሥር ቡና ይለማል። ቦታ ላለው ሰው አገር በቀሉን ዋንዛ አጥብቀን የምንመክረው ለዚህ ነው።

አተካከሉ አንድ ነው፦ 60 በ60 ሴንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የላዩን አፈር ከብስባሽ ጋር ቀላቅሎ በሰኔ መትከል። የችግኙ ላስቲክ ሳይወልቅ ከተተከለ ሥሩ ተጠምዝዞ ይቀርና ዛፉ ካደገ በኋላ በቀላሉ ይወድቃል።

ለጠባብ ግቢና ለአጥር ግራቪሊያ፤ ለትምህርት ቤት ሜዳ፣ ለሰፊ ጓሮና ለቡና ማሳ ዋንዛ።