ለዓባይ በረሃው ጋሼ፣ ዘግይቶ የመጣ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ፊልድ ለምትወጡ የጂኦሎጂ ተማሪዎች ነው። መኪና እየፈለጋችሁ ከሆነ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ስማቸውን አልጽፍም። «እኔን ፌስቡክ ላይ እንዳትሰቅሉኝ» ብለው አስጠንቅቀውናል። እኛ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሱን ፈቅደዋል።

ስምንት ነበርን። ሥራችን ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ ድንጋይ ንብርብር በንብርብር መመዝገብና ካርታ መሥራት ነው። መጀመሪያ የያዝነው ሌላ ሚኒባስ ነበር። ቁልቁለቱን ሳንጋምስ ፍሬኑ ጨሰ። ሾፌሩም «የተዋዋልነው ለጉዞ እንጂ በየመቶ ሜትሩ ለመቆም አይደለም» ብሎ ጎሃ ጽዮን መልሶ አራገፈን። ጋሼን ያገኘናቸው የዛኑ ቀን ማታ፣ ያረፍንበት ሆቴል ግቢ ውስጥ መኪናቸውን ሲያጥቡ ነው።

እኛ ያሰብነው ከላይ ጀምረን እየወረድን ልንሠራ ነበር። ጋሼ አልተስማሙም። «በረሃው ሳይነቃ ወንዙ ጋ ድረሱ። ፀሐይዋ ስትበረታ እናንተ ከፍ ብላችኋል» አሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሰውን በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ሳያበዙ፣ ቀስ ብለው አወረዱን። እሳቸው ያሰቡት ሙቀቱን ነው። ግን ንብርብር የሚመዘገበውም ከታች፣ ከአሮጌው ድንጋይ ተነስቶ ወደ ላይ ነው። መምህራችን ክላስ ውስጥ ደጋግመው ያሉትን፣ ሾፌራችን በሌላ በር መጥተው አስታወሱን።

ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ላየ ሰው፦ ከድልድዩ እስከ አፋፉ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለ። ከታች አዲግራት ሳንድስቶን የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ነው። ከሱ በላይ በከተማይቱ ስም የተጠራው የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን፣ ማለትም ጄሶና ሼል (ከደቃቅ ጭቃ የተሠራ፣ በስስ ንጣፍ የሚሰነጠቅ ድንጋይ) ይመጣል። ቀጥሎ አንታሎ የሚባለው የኖራ ድንጋይ አለ፣ የባሕር ዛጎል ቅሪት ያለበት። ጎጃምና ሸዋ በዲኖሰር ዘመን ባሕር ገብቶባቸው እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ነው። አፋፉን የሸፈነው ጥቁር ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። ከሥሩ ካለው የደለል ድንጋይ ጋር በሚገናኙበት መስመር ላይ መዳፌን ሳሳርፍ፣ በሁለቱ መካከል ያለፈው በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ድንጋይ ሳይተው ከእጄ ሥር ጠፍቷል። እዚያ ቆሜ ትንሽ ፈዝዤ ነበር፣ አልዋሽም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ከሥራችን አንዱ መንገዱ የሚንሸራተትባቸውን ቦታዎች ካርታ ላይ ማስፈር ነው። እኛ ጂፒኤስ ይዘን አስፋልት ላይ ስንጥቅ ስንፈልግ ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «እዚህ ጋ በየክረምቱ ይሰምጣል። እዛ ማዞሪያው ጋ ደግሞ ተቆርጦ እንደገና ተሠርቷል። ከዛ ወዲያ ያለውን ግን ምንም ነክቶት አያውቅም» ይሉናል። ለዓመታት ሲወጡ ሲወርዱ የቆጠሩት ነው። የነገሩንን ሁሉ መዘገብን። ማታ ካርታው ላይ ስናስቀምጠው አብዛኛው ነጥብ ጄሶና ሼሉ ላይ፣ ወይም ከላይ ተንዶ የተከመረው አፈር ላይ አረፈ። ሼል ውሃ ሲጠጣ ይላላል። ጄሶም በውሃ ይሟሟል። ከላይ የኖራ ድንጋዩና ባዛልቱ ተጭኖታል። ክረምት ሲገባ ዳገቱ መንገዱን ይዞ መውረዱ ምን ይገርማል? ለጋሼ ካርታውን ስናሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩትና «እና እኔ እስከዛሬ የምሳደበው ጄሶን ነበር ማለት ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሳቸውም ሆነ። የኖራ ድንጋይ ላይ ቀጭን አሲድ ጠብ ሲል እንደሚፈላ፣ ጄሶ ግን እንደማይፈላና በጥፍር እንደሚጫር አይተው ያዙ። በአራተኛው ቀን አንድ ነጭ ድንጋይ ይዘው መጥተው በጥፍራቸው ጫር አደረጉና «ጄሶ ነው፣ አሲዳችሁን አታባክኑ» አሉን። ልክ ነበሩ። ከኛ ውስጥ አንዱ (ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል) የዛኑ ድንጋይ ወንድም ጠዋት የኖራ ድንጋይ ብሎ መዝግቦት ነበር።

ሌላው ነገር ሰው ማግባባት ነው። መዶሻ ይዞ ድንጋይ የሚሰብር ልጅ ሲያይ ገበሬው ሁሉ «ወርቅ አገኛችሁ?» ማለቱ አይቀርም። የትብብር ደብዳቤ ይዘናል፣ ግን ደብዳቤ ሰላምታን አይተካም። ጋሼ በጎሃ ጽዮን በኩል በኦሮምኛ፣ በደጀን በኩል በአማርኛ ቀድመው ወርደው ሰላም ይላሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ፣ ከዛ «ተማሪዎች ናቸው፣ ድንጋይ ነው የሚማሩት» ይላሉ። አንድ አዛውንት «ድንጋይ ምኑ ይማራል?» ብለው በሳቅ ሞቱብን። ግን ዛጎል የበዛበትን ገደል ያሳዩን እሳቸው ናቸው።

እንከን የላቸውም አልልም። ዋጋቸው ትንሽ ይወደዳል። ጭቃ ጫማ ይዞ የገባ ሰው ቀኑን ሙሉ ይቀምሳታል። ካሴታቸው አንድ ነው፣ እስክንጨርስ ግጥሙን በቃላችን ይዘነዋል። የሳምፕሉ ከረጢት ሲበዛም «ይቺ ሲኖትራክ አይደለችም» ብለው ግማሹን ያስወርዳሉ። በሱ ተናደን ነበር። ሪፖርት ስንጽፍ ግን ካስቀረነው ውስጥ እንኳ ሦስት ከረጢት ሳንከፍተው ቀረ።

ዋጋው የሚወደድበትን ምክንያት ግን ልንገራችሁ። ከመነሳታቸው በፊት እዛ አካባቢ ላሉ ሰዎች ደውለው ስለ መንገዱ ሰላም ያጣራሉ። ካልጣማቸው ኮንትራቱን ይተዉታል፣ ቀብድም ይመልሳሉ። ጎማና ፍሬን በየጠዋቱ ያያሉ። ቁልቁለት ላይ ሲቆሙ ጎማው ሥር ድንጋይ ሳያስደግፉ ማንንም አያስወርዱም።

ጋሼ፣ የመጨረሻው ቀን ደጀን ላይ የከፈሉልን ሽሮ አልተረሳም። ውጤታችንም ጥሩ መጣ፣ ሎጉን (የንብርብር መዝገባችንን) አስረን ለመታሰቢያ አንድ ቅጂ ይዘንልዎታል።

ልትደውሉላቸው ያሰባችሁ፣ ስንት ቀን እንደምትቆዩና ስንት ሰው እንደሆናችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ለክረምት ግን አትልፉ። በክረምት ዓባይ በረሃ አይወርዱም፣ ምክንያቱን ደግሞ አሁን ከኛ በላይ ያስረዷችኋል።