ግሪክ ወስደን ስደተኛ እንድትረዱ እናደርጋለን ለሚሏችሁ ብር አትክፈሉ

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ላላችሁ ወጣቶች ነው፤ በተለይ በቅርቡ ለተመረቃችሁና ለወላጆቻችሁ። በከተማችን «በውጭ አገር ከስደተኞች ጋር የበጎ ፈቃድ አገልግሎትና ኢንተርንሺፕ» እያሉ ብር የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እንዳትከፍሉ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ማስታወቂያውን የሚለቁት ቴሌግራም ላይ ነው። ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ ቢሮ አላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጠራም። የሚሉት ግን ይህን ነው። ግሪክ ውስጥ ሌስቮስ በምትባል ደሴት ላይ ሚቲሊኒ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ስደተኞችን የሚረዳ ማኅበር ለስድስት ወር ይቀበላችኋል። ማደሪያና ምግብ በነፃ ነው። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ተወዳዳሪ የለም፣ ኤምባሲውም አያጠብቅም። እዚያ ከገባችሁ በኋላ ወደ ሥራ መቀየር ትችላላችሁ።

የወንድሜ ልጅ የተመረቀችው በሶሻል ወርክ ነው። ሰው መርዳት ከልቧ ትወዳለች። እናቷ እቁብ ሲደርሳት ብሩን ለልጇ አዋለችው። ለምዝገባ 15,000፣ ለግብዣ ደብዳቤ ደግሞ 60,000 ብር ከፈሉ። ለመጀመሪያው ደረሰኝ ተሰጣቸው። ሁለተኛው በቴሌብር የተላከው ወደ አንድ ግለሰብ ስልክ ነው። ቆይቶ «ምንዛሪ ጨምሯል» ተብሎ ሌላ ተጠየቁ፤ ውሉ ላይ ዋጋው በዩሮ ተጽፎ ነበርና።

ደብዳቤው መጣ። ቆይታው ሦስት ወር ነው ይላል። ማደሪያና ምግብ በራሷ ወጪ ነው ይላል። ደብዳቤውን ለላከው ማኅበር ኢሜይል ጻፍንለት። መልሱ አልዘገየም። ማመልከቻው ነፃ ነው፣ ፎርሙ ድረ ገጻችን ላይ አለ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ወኪል የለንም አሉን። ማንም ሰው ስልኩ ላይ በነፃ የሚሞላውን ፎርም ነው በ75,000 ብር የሸጡላት።

ቪዛውን ኤምባሲው ከለከለ። ብሯን ልትጠይቅ ስትሄድ ውሉን አውጥተው አሳዩአት። ክፍያው ለማማከር አገልግሎት ነው፣ የቪዛው ውጤት ቢሮውን አይመለከትም፣ የተከፈለ አይመለስም ይላል። ስለ ስድስት ወር፣ ስለ ነፃ ማደሪያ፣ ስለ ሥራ አንድ መስመር የለበትም። ያ ሁሉ በቃል የተነገረ ነው። እባካችሁ ውል ስትፈርሙ «ማማከር» የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ብራችሁ የሚቀረው እዚያ ላይ ነው።

አሁን የሚሉትን አንድ በአንድ እንየው። በአጭር ጊዜ ሸንገን ቪዛ (ግሪክን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ቪዛ ነው) አንድ ሰው መቆየት የሚችለው በ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ነው። ስለዚህ የስድስት ወር ቆይታ በዚህ ቪዛ ከመነሻው አይሆንም፤ ከ90 ቀን በላይ ለመቆየት ሌላ ዓይነት ቪዛ ያስፈልጋል። ይህ የአጭር ጊዜ ቪዛ ሥራ ለመቀጠርም አይፈቅድም። «በሁለት ሳምንት እናስጨርሳለን» ካሏችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛውን የ15 ቀን ጊዜ ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። የቪዛው ክፍያ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። «የኤምባሲ» እያሉ ከዚያ እጅግ የበለጠ ከጠየቋችሁ ትርፉ የማን እንደሆነ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የቪዛ ማመልከቻና ክልከላ በአውሮፓውያኑ የጋራ መዝገብ ላይ እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። ደካማ ፋይል ይዛችሁ ገብታችሁ ከተከለከላችሁ፣ ነገ እውነተኛ ስኮላርሺፕ ብታገኙ ያ ክልከላ ይታያል። ለእኔ ከጠፋው ብር ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ልጅቷ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው።

ትንሽ ከተማ ስለሆነ ይቀላል የሚባለውም እውነት አይደለም። ቪዛ የሚሰጠው ከተማው አይደለም። የምታመለክቱት ለአንድ አገር ነው፤ አቴንስም ሂዱ ሚቲሊኒ፣ ጥያቄው ያው ነው። እንዲያውም ትንሽ ከተማ የራሱ ችግር አለው። ሌስቮስ በአውሮፓውያኑ በጋ (በእኛ ክረምት) ቱሪስት የሚሄድባት ደሴት ናት፤ ለሰው የሚከራይ ክፍል ቱሪስቱ ይሻማበታል። አንድ ማኅበር ቢዘጋ ጎረቤት ሰፈር ሄዳችሁ ሌላ የምታገኙበት አዲስ አበባ አይደለም።

ማስታወቂያቸው ላይ «ሞሪያ ካምፕ» ትመደባላችሁ ይላል፣ ፎቶም አለው። ሞሪያ ሌስቮስ ላይ ለ3,000 ሰው ገደማ ተዘጋጅቶ ከ12,000 በላይ ሰው የታጨቀበት ካምፕ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ተቃጠለ። ሰዎቹ ሌላ ቦታ ወደተሠራ ካምፕ ተዛወሩ። በሌለ ካምፕ እመድባችኋለሁ የሚል ሰው ስለ ቦታው አንድ ነገር አያውቅም።

«በጎ ፈቃደኛ» የሚለውን ስምም ዝም ብለው የመረጡት አይመስለኝም። ለሥራ ሰው ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በዚያ አዋጅ የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወጪ የሚሸፈነው በአሠሪው ነው። «ሥራ» ሳይሉ «በጎ ፈቃድ» ሲሉ ከዚህ ሁሉ ለማምለጥ ነው ብዬ አምናለሁ። በአፋቸው ግን የሚሸጡላችሁ ሥራ ነው። ኤጀንሲ ነን ካሉ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተሰጣቸውን ፈቃድ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ በጎ ፈቃደኛው ራሱን ችሎ እንዲመጣ የሚጠይቁ እውነተኛ ማኅበራት አሉ። ሌስቮስ ላይም አሉ። ገንዘብ ስለሌላቸው ቤት ኪራይና ምግብ ራሳችሁ ቻሉ ይላሉ። ነገር ግን ይህን ከመጀመሪያው በግልጽ ይጽፋሉ፣ ኪራዩንም የምትከፍሉት ለአከራዩ ነው። ያነጋግሯችኋል፣ ምን እንደምትችሉ ይጠይቃሉ፣ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ይፈልጋሉ። ግሪክ ውስጥ ከስደተኞች ጋር የሚሠሩ ድርጅቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በስደት ሚኒስቴሩ መዝገብ መግባት አለባቸው፤ አባሎቻቸውም ጭምር። እነዚህ ሰዎች ግን ከልጅቷ የፈለጉት የፓስፖርት ኮፒና ብር ብቻ ነው።

ካምፕ ውስጥ ያሉት ሰዎች ጉዳይም ያሳዝነኛል። ወላጅ ያጡ ሕፃናት አሉባቸው። ማንነቱ ያልተጣራ ሰው እነሱ ዘንድ እንዲገባ የሚያመቻች ቢሮ የእኛን ልጆች ብር ብቻ አይደለም የሚጎዳው።

ከስደተኞች ጋር መሥራት በእውነት ለምትፈልጉ መንገድ አለ፣ ብርም አያስከፍልም። በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው፣ ዋና ቢሮው ጀርመን ቦን የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ምዝገባው ነፃ ነው። ወደ ቦታው ለሚልካቸው ሰዎች የኑሮ አበል ይከፍላል። ቤታችሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት የምትሠሩት የበጎ ፈቃድ ሥራም አለው፤ ትርጉም ለምትችሉ ጥሩ መጀመሪያ ነው። የመንግሥታቱ ድርጅት የስደተኞች ኮሚሽንም በቅጥሩ ሂደት በየትኛውም ደረጃ ብር አይጠይቅም። በስሙ ብር የሚጠይቃችሁ ካለ አጭበርባሪ ነው። ከእኛም ብዙ ሳይርቅ፣ ዳባት አካባቢ ዓለምዋጭ ላይ ኤርትራውያን ስደተኞች ተጠልለዋል። እዚያ ለመሥራት የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የመንገዱንም ሁኔታ ቀድሞ ማጣራት ግድ ነው። እዚያ የሠራ ሰው ነገ ውጭ ሲያመለክት የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌግራም ጽሑፉን፣ የድምፅ መልእክቱን፣ የቴሌብር ማረጋገጫውን ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። እኛ ጥያቄ ከጀመርን በኋላ ከቻናሉ ላይ ጽሑፎች ማጥፋት ጀምረዋል። አሳሳች ማስታወቂያ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፤ የከተማው ንግድ መምሪያ አቤቱታ ይቀበላል። ብሩ ወደ ግለሰብ ስልክ ከሄደ ፖሊስ ጋም አመልክቱ። ለብቻ ከመሄድ ደግሞ ተሰባስባችሁ ብትሄዱ ይሻላል። እኛ አቤቱታ ልናስገባ ነው፤ ተመሳሳይ ውል የፈረማችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አብረን እንግባ።