አዲሱ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ማዕከል ከዊልቸር ላይ ሲታይ

ማዘጋጃ ቤቱ «ለሁሉም ተደራሽ» ብሎ ያደሰውን የአገልግሎት ማዕከል ለማየት ዊልቸሬንና አንድ የኪስ ሜትር ይዤ ሄድኩ። ሜትሩን የያዝኩት ሙያው ኖሮኝ አይደለም፤ «ይበቃል» የሚለውን የግንበኛ ቃል ማመን ከተውኩ ስለቆየሁ ነው።

ምስጋና ከሚገባው ልጀምር። ደጃፉ ከመንገዱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በብዙ አገሮች የተለመደው ልክ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ስለሆነ መወጣጫው ከ7 ሜትር ትንሽ ማለፍ አለበት። ብዙ ሕንፃ አስገንቢዎች ይህን ሲሰሙ ቦታ የለንም ይሉና በ2 ሜትር ይገላገሉታል፤ እንዲህ ባለው መወጣጫ ሲወጡ ሰው ይለመናል፣ ሲወርዱ ፈጣሪ። እዚህ ግን ቦታ ሲጠብባቸው መወጣጫውን አጥፈው፣ መታጠፊያው ላይ ሰፊ ማረፊያ ሰጥተው፣ በሁለቱም በኩል የእጅ መደገፊያ አቁመው ሠርተውታል። ወለሉም ሻካራ ነው፤ ዝናብ ቢጥልም ጎማ አይንሸራተትም። ማንም ሳይገፋኝ ገባሁ።

ከበሩ ጀምሮ ለዓይነ ስውራን የሚሆን ቢጫ ንጣፍ አለ። ይህን ንጣፍ የፈለሰፈው ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1967 በኦካያማ ከተማ ነው። ረጃጅሙ መስመር ሂድ፣ ክብ ክቡ እብጠት ቁምና አስተውል ይላል። የእኛው አንጣፊ ግን ሁለቱንም እንደ ጌጥ ቆጥሮ ቀላቅሏቸዋል። አብሮኝ የነበረው ዓይነ ስውር ጓደኛዬ በበትሩ እየዳሰሰ ሲሄድ ምንም በሌለበት ወለል መሐል ቆመ፤ ወደ ምድር ቤት የሚወርደው ደረጃ አፋፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ንጣፉ ሂድ አለው። ክንዱን ባልይዘው ኖሮ ይወርድ ነበር። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብል ይህን አልልም፤ ነገ ሳይባል ተነቅሎ እንደገና ይነጠፍ።

መስኮቶቹ ደህና ናቸው። አንደኛው ዝቅ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ጉልበቴን ከሥሩ አስገብቼ፣ ከሠራተኛዋ ጋር ፊት ለፊት እየተያየን ፈረምኩ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚገኘው ግን በቀጠሮ ብቻ ነው።

ወደ መፀዳጃ ቤቱ ልምጣ። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን ሳይዘጋው ለመርዳት ይመቻል። ዊልቸር ለማዞር የሚያስፈልገው 1.5 ሜትርም ተጠብቋል። ነገር ግን ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ ነው፣ ጥበቃው ደግሞ ምሳ ላይ ነበር። ሲመጣና ሲከፈት ያን ሁሉ ስፋት ባልዲ፣ መወልወያና እግሩ የተሰበረ ወንበር ይዘውታል። የአደጋ ጥሪው ቀይ ገመድ ተጠቅልሎ ከመደገፊያው ብረት ጋር ከላይ ታስሯል። ገመዱ እስከ ወለሉ የሚወርደው የወደቀ ሰው ተኝቶ እንዲስበው ነው። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። «ስወለውል እየረጠበ አስቸገረኝ» አለች። ጥቅሙን የነገራት ሰው አልነበረም። ስነግራት ደንግጣ ራሷ ፈታችው፤ ባልዲዎቹንም አወጣች።

በእሷ አልፈርድም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ከሕንፃና ከመንገድ ጋር ሥልጠናንም የሚጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ ለሲሚንቶና ለብረት በጀት መድቦ፣ ቤቱን በየቀኑ ለሚይዙት ሰዎች የግማሽ ቀን ማብራሪያ ነፍጓል። ይህን እዚያው ጽፌ ልተውላቸው አስቤ ነበር፤ የአስተያየት ሣጥኑን ግን የሰቀሉት እጄ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱ ለመወጣጫው፣ አንዱ ለመስኮቱ። የምትሄዱ ካላችሁ የመፀዳጃ ቤቱን ቁልፍ ገና ስትገቡ ከጥበቃው ተቀበሉ፤ ዓይነ ስውር ከሆናችሁ ንጣፉን አትመኑት።