ያገለገለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ሲገዙ፦ ቦሽ፣ የቸርኬ ሞተር ወይስ ቫንሙፍ?

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች አምስት ወይም ስድስት ዓመት ያገለገለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመግዛት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳ ነው። ከመኪና ገበያ የተወረሰው ይህ ጥያቄ እዚህ ብዙም አይጠቅምም፤ በየቀኑ እየተነዳ በየጊዜው የተጠገነ ብስክሌት፣ ባትሪው ባዶ እንደሆነ ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ ከቆመና «ብዙም አልተነዳም» ከሚባልለት ይሻላል። የአሮጌ ኤሌክትሪክ ብስክሌትን ዋጋ የሚወስነው ባትሪው የቀረው አቅም ነው፤ ከዚያም ባትሪው ሲሞት ተተኪ መገኘት አለመገኘቱ። ከዚህ በታች በገበያው ላይ በብዛት የሚታዩት ሦስት ዓይነቶች በዚሁ መለኪያ ይነጻጸራሉ።

ሞተሩ በፔዳሎቹ መካከል የተገጠመውና በተለይ የጀርመኑ ኩባንያ የቦሽ ሞተር ያለው ብስክሌት መልሶ ሲሸጥ ዋጋውን ከሁሉም በተሻለ ይጠብቃል። ምክንያቱ የሞተሩ ጉልበት ብቻ ሳይሆን የሚታይ ማስረጃ መኖሩ ነው፤ የቦሽ አከፋፋይ ብስክሌቱን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ባትሪው ስንት ጊዜ እንደተሞላና ምን ያህል አቅም እንደቀረው የሚያሳይ ወረቀት አትሞ ሊሰጥ ይችላል። ይህን ወረቀት ለማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠመ ዋጋ ማስቀነስ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ «ቦሽ ነው» መባሉ ብቻ አይበቃም። እስከ 2013 ድረስ (እዚህ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተሠሩት፣ ከ2014 ጀምሮ የመጡትና በ2022 ሞዴል የተጀመረው «ስማርት ሲስተም» የሚባለው የሚጠቀሙባቸው ባትሪዎች የተለያዩ ስለሆኑ የአንዱ ለሌላው አይሆንም፤ ከመጀመሪያዎቹ የሆነውን በርካሽ የገዛ ሰው ተተኪ ባትሪ ሲፈልግ ቢቸገር አያስገርምም። በ2014 የወጣው ትውልድ፣ ከፊት ባለው ትንሽ ጥርስ የሚታወቀው፣ ውኃ ወደ ኩሽኔታው ሲገባበት ማጓራት ይጀምራል። ኩባንያው የሞተሩን የውስጥ ዕቃ ለብቻው ስለማይሸጥ አከፋፋዩ የሚያቀርበው መፍትሔ ሙሉ ሞተር መለወጥ ነው፤ ኩሽኔታውን ብቻ በጣም ባነሰ ዋጋ የሚቀይሩ የግል ጋራዦች ግን አሉ። የሞተሩ ኃይል የሚያልፈው በካቴናው በኩል ስለሆነም ካቴናውና የኋላ ጥርሶቹ ከተራ ብስክሌት ፈጥነው ይበላሉ።

ሁለተኛው ሞተሩ በኋላ ቸርኬ ውስጥ ያለው፣ ብዙውን ጊዜ በኢንተርኔት በቀጥታ የሚሸጠው ዓይነት ነው። ዋጋው ገና ከሳጥኑ እንደወጣ ይወድቃል፤ ገዢ የሚያውቀው ስም የለውም፣ የሸጠው ድርጅትም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ለሚጠግን ሰው ግን ይህ ዓይነት ምቹ ነው። ሞተሩ ካቴናውን አይጎዳም፤ አብዛኞቹ ሞተሮች በውስጣቸው ያላቸው የናይለን ጥርስ ሲያልቅ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል፤ ባትሪው 36 ወይም 48 ቮልት ስለሆነ ከሌላ አምራችም ተስማሚ ይገኛል። ረጅም አቀበት ላይ ግን ሞተሩ ይሞቃል፣ ይደክማልም። ዋናው አደጋ ያለው ባትሪው ላይ ነው፤ ማን እንደገጣጠመው የማይታወቅ ባትሪ ቤት ውስጥ ማደር የለበትም። የኒውዮርክ ከተማ በዕቃ አድራሾች ባትሪ ምክንያት ከተነሡ የእሳት አደጋዎች በኋላ፣ ከመስከረም 2023 አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዩኤል (የምርት ደኅንነት መለኪያ የሚያወጣ የአሜሪካ ድርጅት) የደኅንነት ማረጋገጫ የሌላቸውን ኤሌክትሪክ ብስክሌቶችና ባትሪዎች መሸጥ ከልክሏል፤ ከአሮጌ ባትሪ በወጡ ሴሎች እንደገና የተገጣጠመውን መሸጥም እንዲሁ።

ሦስተኛው ቫንሙፍ ነው። ኤስ3 የተባለው ሞዴል በ2020 ሲወጣ በ1,998 ዩሮ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ በጣም ባነሰ ዋጋ ስለሚቀርብ ያማልላል። የአምስተርዳሙ ኩባንያ በሐምሌ 2023 (እ.ኤ.አ.) ከሰረ፤ በቀጣዩ ወር ማብቂያ ላቮዪ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ገዛው። ባትሪው በብስክሌቱ ዋና ብረት (ፍሬም) ውስጥ ተቀብሮ ስለሚገኝ ነቅሎ ፎቅ ላይ መሙላት አይቻልም፤ ማርሽ የሚቀይረው ኤሌክትሮኒክስም ሆነ ሌሎቹ ዕቃዎች ለዚህ ብስክሌት ብቻ የተሠሩ ናቸው። ብስክሌቱ በባለቤቱ የስልክ መተግበሪያ ላይ የተመዘገበ ስለሆነ፣ ምዝገባው ወደ ገዢው ሳይዛወር ገንዘብ መክፈል ከባድ ስሕተት ነው። በእኔ አስተያየት ቫንሙፍ የሚገዛው፣ ነገ ቢቆም የማያስቆጭ ዋጋ ሲጠየቅበት ብቻ ነው።

የምርመራ ወረቀት በሌለበት ባትሪን በቮልት መለኪያ ብቻ መመዘን አሳሳች ነው። ባለ 36 ቮልቱ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 42 ቮልት ያሳያል፤ አቅሙ በግማሽ የወረደውም ከቻርጀሩ ሲነቀል ያንኑ ሊያሳይ ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው በጭነት ነው፤ ስለዚህ ሻጩ አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ እንዲሞላው ጠይቀው፣ በከፍተኛው የእገዛ ደረጃ ረዘም ያለ አቀበት ይውጡ። የባትሪው መጠን ከአምስት መስመር በድንገት ወደ ሁለት ወርዶ ሜዳ ላይ ተመልሶ ከወጣ፣ ወይም ሞተሩ አቀበቱ መካከል ከጠፋ፣ ባትሪው አልቋል ብለው ያስቡ። በብርድ ቀን ማንኛውም ባትሪ ስለሚደክም ለዚያ ትንሽ ይተዉለት። ከዚያ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሚጠየቀው ላይ ይቀንሱ፤ የቦሽ ባለ 500 ዋት ሰዓት (ዋት ሰዓት ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ ነው) ባትሪ ብዙ መቶ ዩሮ ስለሚያወጣ፣ ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል። የባትሪው ቁልፍና ትክክለኛው ቻርጀር አብረው መኖራቸውን፣ የብረቱ ላይ ቁጥርም አለመፋቁን ማየት አይረሳ።

ለራሱ ሰፈር የሚገዛ ሰው የባትሪ ወረቀት ያለው የ2014 ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ቦሽ ቢመርጥ መልሶ ሲሸጠውም አይጎዳም። ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ለሚያስብ ግን ምርጫው ይገለበጣል። በተሳፋሪ አውሮፕላን ሻንጣ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የብስክሌት ባትሪ አይፈቀድም፤ የአብዛኞቹ ብስክሌቶች ባትሪ የዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው፤ በመርከብም እንደ አደገኛ ዕቃ ተመዝግቦ ነው የሚጫነው። ብስክሌቱን ያለ ባትሪ ልኮ እዚያው ባትሪ መፈለግ የሚቻለው ደግሞ ቮልቱ እስከተስማማ ድረስ ብዙውን ጊዜ የሌላ አምራችን ባትሪ ለሚቀበለው ለቸርኬ ሞተሩ ነው፤ ቦሽ የራሱን ካልሆነ አይነሣም።