ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያሉት አናጺ፦ የኤሌክትሮን መጭመቂያ ሞዴል አሠርቼ ነበር

ለትምህርት መርጃ በእንጨት የሚሠራ ነገር የምትፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ቲቸሮች ካላችሁ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያሉትን ሽማግሌ አናጺ ሞክሯቸው። እኔ ለ12ኛ ክፍል ፊዚክስ፣ አክስለሬተር (ኤሌክትሮንን የመሳሰሉ ቅንጣቶችን እየገፋ የሚያስሮጥ ማሽን) ውስጥ የኤሌክትሮን ጭፍራ፣ ማለትም አብሮ የሚሮጥ መንጋ፣ እንዴት እንደሚጨመቅ የሚያሳይ ሰሌዳ ነው ያሠራሁት። ዋንዛ ጣውላ ላይ ጎን ለጎን ሦስት ቦይ አለ፣ አንዱ በሰፊው ይዞራል፣ አንዱ መካከለኛ ነው፣ ሦስተኛው ትንሽ ብቻ ዘወር ይላል። ፊት ያለው ብይ በረጅሙ፣ ኋላ ያለው በአጭሩ ይለቀቅና መውጫው ላይ እኩል ይደርሳሉ።

ጋሼ ስዕሉን አገላብጠው አዩና "ቲቸር፣ የኋላው እንዲደርስ ከሆነ ለምን ጠንከር አድርገው አይገፉትም? ምን ያዞራቸዋል?" አሉኝ። ወላሂ ተማሪ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም! የነገሩ እምብርት እኮ ይሄ ነው፣ የኤሌክትሮን ጉልበት 250 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ የብርሃንን 99.9998 በመቶ ሆኗል፣ ከዛ በኋላ ብትገፋው ጉልበቱ ይጨምራል እንጂ ፍጥነቱ ፈቀቅ አይልም፣ ስለዚህ ያለው አማራጭ መንገዱን ማሳጠር ነው። ኤሌክትሮኖቹን የሚገፋው የሬዲዮ ሞገድ ለፊተኞቹ አነስ ያለ ለኋለኞቹ በዛ ያለ ጉልበት እንዲሰጥ ሰዓቱን ያስተካክሉና በአራት ማግኔት መሀል ያሳልፏቸዋል፣ ጉልበታሙ ብዙም ስለማይጠመዘዝ በአጭሩ ሄዶ ፊተኛው ላይ ይደርስበታል። "በቃ ሐረጎ ነዋ! መኪናው ሲዞር እግረኛው በአቋራጭ ይወርዳል" አሉ። አሁን ክፍል ውስጥም በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ነው የማስረዳው፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

ካሊፎርኒያ ያለው ስላክ የሚባለው የአክስለሬተር ላቦራቶሪ በ2009 የኤክስሬይ ሌዘሩን ሲያበራ እንዲህ ያለ መጭመቂያ ሁለት ቦታ ላይ ነበረው፣ በ2025 ይፋ ባደረጉት ሙከራ ደግሞ ጨምቀው ጨምቀው ከረንቱን 100 ሺህ አምፔር አድርሰውታል፣ ያውም ለአንድ ፌምቶ ሴኮንድ (የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ) ያህል ብቻ። የኤሌክትሮኑ ብዛት ያው ነው፣ የሚያልፍበት ጊዜ ስላጠረ ነው ከረንቱ እንደዛ የሚያሻቅበው።

ወደ ሥራው ልመለስ። በቀጠሮው ቀን አልደረሰልኝም፣ አራት ቀን ዘግይቷል፣ ስልክም ቶሎ አያነሱም። መጀመሪያ የሰጡኝ ላይ የረጅሙ ቦይ ኩርባ ሻካራ ስለነበር ብዩ እዛ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ መልሼ ስወስድላቸው ግን ፊታቸው እንኳን አልተቀየረም፣ እዛው ቁጭ አድርገውኝ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው፣ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ቫርኒሹን ደግመው ቀብተው ሰጡኝ፣ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቁኝም።

ስትሄዱ ስዕላችሁን በልኩ፣ በሴንቲሜትር ጽፋችሁ ያዙ፣ ብዩንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ቦዩን በሱ ነው የሚለኩት። ሰኞ ግን አትሂዱ፣ ገበያ ስለሆነ ከደንበኛ ብዛት አያናግሯችሁም።