ሪችመንድ ስትሄዱ ከመንገድ ዳር ቅሪተ አካል አትግዙ

ትናንት ማታ ተመለስን። ንዴቴ ገና አልበረደምና ቃሌ ቢሻክር እለፉኝ።

በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ግዛት ካለችው ከታውንስቪል ከተማ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ነድተን ነው የሄድነው። ኩዊንስላንድ የምትኖሩ ሪችመንድን ታውቋታላችሁ፤ ነዋሪዋ ጥቂት መቶ ብቻ የሆነ፣ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን ባሕር የተኛባት ከተማ ናት። ለመዋኛና ለጀልባ ተብሎ በሰው እጅ የተሠራ ሐይቅም አላት። ልጆቹ ሁለት ቀን ተንቦራጨቁበት፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም።

ሻጯንም ታውቋታላችሁ። ካራቫኗን መንገድ ዳር አቁማ፣ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፋ፣ ከሰላምታ በፊት «ከየት ናችሁ?» የምትል ዓይነት። እኔ ጅሉ «ከኢትዮጵያ፣ ከሉሲ አገር» አልኳት። ማጥመጃውን በገዛ እጄ አቀበልኳት። «እንግዲያው አንተን ማስረዳት አያስፈልገኝም» ብላ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ እንደ መስታወት የተወለወለ አሞናይት፣ ማለት ዘሩ ከጠፋ የባሕር እንስሳ የቀረ ዛጎል፣ አወጣች። «ይህ ሁሉ የባሕር ወለል ነበር» እያለች በእጇ አድማሱን ከዳር እስከ ዳር አሳየችኝ። 280 ዶላር። ቲማቲም ስገዛ እንኳን የምከራከር ሰው ዋጋ ለማስቀነስ አፈርኩ። የሉሲ አገር ሰው በቅሪተ አካል ይከራከራል?

በማግስቱ ሙዚየም ገባን። ልጄ ድንጋዩን በሁለት እጇ ታቅፋ ለአንዲት ሠራተኛ አሳየቻት። ሠራተኛዋ ልጄን አየች፣ እኔን አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቆንጆ ነው፤ የማዳጋስካር ይመስላል» አለች። እንዲህ ተሰንጥቆና ተወልውሎ በየአገሩ የስጦታ መደብር የሚሸጠው አሞናይት በብዛት ከዚያ ነው የሚመጣው። ዕድሜው ውሸት አይደለም፤ ውሸቱ አገሩ ነው።

ተመልሼ ሄድኩ። ጥቁር መነጽሯን እንኳን አላወለቀችም። ደረሰኙን ከእጄ ወስዳ፣ ለሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው በጣቷ እየጠቆመች ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ «አሞናይት። አንድ ጥንድ።» ከዚያ «ሪችመንድ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለች። በዋዜማው አድማሱን ያሳየችኝ ያቺው እጅ ናት። «እኔ የነገርኩህ ስለ ሜዳው ነው። ስለ ድንጋዩ መች ጠየቅከኝ?» እውነቷን ነው፤ አልጠየቅኩም። ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ጎብኚዎች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ እነሱን ከየት እንደመጡ መጠየቅ ጀምራ ነበር።

መግዛታችሁ ካልቀረ የተገኘበትን ቦታ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የዕቃን መገኛ አሳስቶ መሸጥ በአውስትራሊያ ሕግ የተከለከለ ነው፤ እኔ ግን በጥሬ ገንዘብ ከፍዬ፣ በእስክሪብቶ የተጫረ ቁራጭ ወረቀት ይዤ ማንን ልክሰስ? ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ ጎብኚ ራሱ ቅሪተ አካል የሚፈልግባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሙዚየሙን ጠይቁ። ልጄ እዚያ ጥፍር የምታህል የዛጎል ስባሪ አግኝታ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣለች። ባለ 280 ዶላሩን እስካሁን ከመኪናው አላወረድኩትም።