ፋይል ማነጻጸሪያ ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊት የኮምፒውተራችሁን ሰዓት እዩ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ካሉት ሱቆች ጎራ ብትሉ ፎቶ ቤቱም፣ ፎቶኮፒ ቤቱም፣ የሒሳብ ባለሙያውም ያው አንድ ጭንቅ አለባቸው። ፋይሉ አለ። አንዱ ቅጂ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላው ደንበኛ ረስቶት በሄደው ፍላሽ ላይ ነው። የመጨረሻው የትኛው ነው? የትኛው ቢጠፋ ችግር የለውም? የዊንዶውስ ፋይል ኤክስፕሎረር ለዚህ መልስ የለውም። በፈረንጆቹ 2022 በዊንዶውስ 11 ላይ ታብ ተጨምሮለታል። ሁለት ፎልደር ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነታቸውን ማሳየት ግን አሁንም አይችልም።

በዚህ ሰፈር ኮምፒውተር ስጠግን "የትኛውን ልጫን? የትኛው ገንዘብ ያስወጣል?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ የማያቸውን እዚህ አነጻጽራለሁ። ነገር ግን ከሶፍትዌሩ በፊት የሚታይ አንድ ነገር አለ።

ሰዓቱ ካልታመነ

አብዛኞቹ ፋይል አነጻጻሪዎች ካልነካካችኋቸው በስተቀር ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያዩት፦ የፋይሉን መጠንና መጨረሻ የተለወጠበትን ሰዓት። ውስጡን ስለማያነቡ ፈጣን ናቸው። ችግሩ ሰዓቱን ማመናቸው ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ሰዓቱ በሦስት መንገድ ይዋሻል።

አንደኛው ባትሪ ነው። የቆየ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለችው። እሷ ከሞተች፣ መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሳል። ባለሱቁ ሥራ ስለሚበዛበት ሳያስተካክል ይቀጥላል። ዛሬ የታረመው የሠርግ አልበም የድሮ ቀን ይለጠፍበታል። ከዚያ "አዲሱ አሮጌውን ይተካ" የተባለ ፕሮግራም ያለፈውን ሳምንት ቅጂ አምጥቶ የዛሬው ላይ ይጭንበታል።

ሁለተኛው በሐበሻ ሰዓት የተሞላ ኮምፒውተር ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩም 3 እንዲል ይደረጋል። ትክክለኛ ሰዓት ካለው ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ የ6 ሰዓት ልዩነት ይመጣል።

ሦስተኛው የማይታየው ነው። የሰዓት ቀጠናው የአሜሪካ ፓሲፊክ ላይ እንዳለ ቀርቶ ሰዓቱ ብቻ በእጅ ይስተካከላል። ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የዊንዶውስ ዲስክ አሠራር ሰዓትን የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ቀጠናው ከተሳሳተ ዲስኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ የፋይሎቹ ሰዓት 10 ወይም 11 ሰዓት ወደ ፊት ተገፍቶ ይታያል።

ስለዚህ የእኔ መመዘኛ ሁለት ነው። ፋይል ከመንካቱ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያሳየኛል ወይ? ሰዓቱን ትቶ ውስጡን አንብቦ ማነጻጸር ይችላል ወይ? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ባትሪዋን ደግሞ ከሶፍትዌሩ አስቀድማችሁ ግዙ።

ፍሪፋይልሲንክ፦ ለመጠባበቂያ ቅጂ

ለግል አገልግሎት ነጻ ነው፣ የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድም ለሁሉም ክፍት ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ይሠራል። በግራ ላፕቶፑን፣ በቀኝ ሃርድ ዲስኩን ትመርጣላችሁ። "አነጻጽር" የሚለውን ስትጫኑ ዝርዝሩ ይወጣል፤ ፋይሉ ወደየት እንደሚሄድ መሐል ላይ ያለችው ቀስት ታሳያለች። ሁለተኛውን ቁልፍ እስክትጫኑ ድረስ አንድም ፋይል አይንቀሳቀስም። የማልፈልገውን ቀስት አንድ በአንድ ማስቆም እችላለሁ። በመጀመሪያው መመዘኛዬ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

የሚያነጻጽርበት መንገድ ሦስት ነው፦ በሰዓትና በመጠን፣ በይዘት፣ ወይም በመጠን ብቻ። የሰዓት መዛነፍን ችላ እንዲል ማዘዣም አለው። እዚያ ላይ 6 ብትጽፉ በሐበሻ ሰዓት የተሞላው ኮምፒውተር አያስቸግራችሁም።

በይዘት ማነጻጸር ጊዜ እንደሚበላ ግን እወቁ። በሰከንድ 100 ሜጋባይት በሚያነብ ተራ ሃርድ ዲስክ 1 ቴራባይት ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል። ኬብሉ የቆየው ዩኤስቢ 2 ላይ ከተሰካ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ሰማያዊዋ (ዩኤስቢ 3) ቀዳዳ ላይ ሰኩት፣ መብራት የማያስተማምን ከሆነ ደግሞ በላፕቶፕ አድርጉት።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። "ሚረር" የሚለው አሠራር ቀኙን ፍጹም እንደ ግራው ያደርገዋል። ግራ ላይ የሌለ ሁሉ ከቀኙም ይጠፋል። ላፕቶፑ ሞላ ብላችሁ የአምናን ፎቶ ከሰረዛችሁና ሚረር ካደረጋችሁ፣ መጠባበቂያው ላይ ያለውም አብሮ ይሄዳል። ለፎቶ ቤት ትክክለኛው "አፕዴት" ነው፤ አዲስ ይጨምራል፣ የተለወጠውን ይተካል፣ የሰረዛችሁትን ግን ከመጠባበቂያው አያጠፋም። የሚተካውም ቢሆን እንዳይጠፋ የቆዩ ቅጂዎችን ሌላ ፎልደር ውስጥ እንዲያስቀምጥ እዘዙት።

ፍሪፋይልሲንክ የዕለት ተዕለት ፋይል ማስተዳደሪያ ግን አይደለም። ስም መቀየር፣ መፈለግ፣ ዚፕ መፍታት ከፈለጋችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ቶታል ኮማንደር፦ ቀኑን ሙሉ ፋይል ለሚነካ ሰው

የስዊዘርላንዱ ክርስቲያን ጊስለር በፈረንጆቹ ከ1993 ጀምሮ የሚሠራው ነው። በፊት ዊንዶውስ ኮማንደር ይባል ነበር፤ በ2002 በንግድ ምልክት ጉዳይ ስሙ ተቀየረ። ሁለት ክፍል ጎን ለጎን ማሳየቱ በ1986 ከወጣው ኖርተን ኮማንደር የወረሰው ነው። ኤፍ5 ኮፒ፣ ኤፍ6 ማዛወር፣ ኤፍ7 አዲስ ፎልደር። ማውዝ ሳይነኩ ሥራ ያልቃል።

ለምን እንደምወደው በአንድ ነገር ላሳያችሁ። ጥር ሲመጣ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደረባል። ፎቶ ቤቱ ሁለት ካኖን ካሜራ ይልካል። ካኖን ፎቶዎቹን ከ0001 እስከ 9999 ይቆጥርና እንደገና ከ0001 ይጀምራል። ስለዚህ ሁለቱም ካሜራ ላይ 4021 የሚባል ፎቶ ይገኛል፤ አንዱ ሙሽራዋ፣ ሌላው ኬኩ። ሁለቱን ካርድ አንድ ፎልደር ላይ ስትገለብጡ ዊንዶውስ "ልተካው?" ይላል። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ኤዲተር "አዎ" ይለዋል። "ኧረ ወንድሜ፣ ሙሽራዋ ስትገባ የተነሳው የለም!" ብላ ሃርድ ዲስኳን ይዛልኝ የመጣች ባለ ፎቶ ቤት አለች። ከካሜራው ካርድ ላይ ገና ስላልጠፋ ነው የተረፈችው።

ቶታል ኮማንደር ላይ ፎቶዎቹን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤም ስትጫኑ የጅምላ ስም መቀየሪያው ይከፈታል። ከፊት "ካሜራ ሀ"፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ቀጥሎ ተራ ቁጥር ታዛላችሁ። የድሮው ስም በግራ፣ አዲሱ በቀኝ ተደርድሮ ይታያል። ካልጣማችሁ ከተቀየረ በኋላም መመለሻ አለው። የካሜራ ለ ካርድም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ብታቀላቅሉ ማንም ማንን አይተካም።

ፎልደር ማነጻጸሪያም አለው። "በይዘት" እና "ቀኑን ተው" የሚሉ ምርጫዎች ስላሉት ሁለተኛውን መመዘኛ ያልፋል። ቀስቶቹንም አስቀድሞ ያሳያል። ለመጠባበቂያ ግን ፍሪፋይልሲንክ ይበልጠዋል፤ የቆየ ቅጂ አያያዙ የተሻለ ነው።

ለፎቶኮፒ ቤቶች ሌላ ጥቅም አለው። ደንበኛ ፍላሽ ይሰካና "ፋይሌ በሙሉ ጠፋ፣ ሾርትከት ብቻ ነው ያለው" ይላል። ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ፎልደሮቹን አላጠፋም፤ የተደበቀና የሲስተም የሚል ምልክት ለጥፎባቸው ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱት። ቶታል ኮማንደር የተደበቁትንም የሲስተሞቹንም እንዲያሳይ ብታዙት ፎልደሮቹ ብቅ ይላሉ፤ ምልክቱን ከዚያው ታነሳላችሁ። ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ።

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የፋይል ስም በአግባቡ የሚይዘው ከእትም 7.5 ጀምሮ ያለው ነው። በፍላሽ የሚዞረው አሮጌ ቅጂ ስሞቹን የጥያቄ ምልክት ቢያደርግባችሁ ምክንያቱ ያ ነው።

ዋጋው ወደ 40 ዩሮ ገደማ ነው። አንዴ ከተከፈለ የወደፊት እትሞቹም በዚያው ፈቃድ ይሠራሉ። መሞከሪያው 30 ቀን ነው።

ደብል ኮማንደር፦ ያንኑ በነጻ

መልኩም ቁልፎቹም ከቶታል ኮማንደር የተቀዱ ናቸው። ነጻና ክፍት ነው። ሊኑክስና ማክ ላይም ይሠራል፤ ቶታል ኮማንደር በኮምፒውተር በኩል የዊንዶውስ ብቻ ነው። የጅምላ ስም መቀየሪያውም፣ ፎልደር ማነጻጸሪያውም አለው። እንደ እኔ እይታ መስኮቶቹ ያን ያህል የተወለወሉ አይደሉም፤ ሴቲንጉም ውስጥ መጥፋት ቀላል ነው። ሠራተኛ ለሚለዋወጥበት ሱቅ፣ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ለጫነ ቢሮ ግን ገንዘብ የሚያስወጣ ምክንያት አይታየኝም። ከሁለቱ ለመወሰን መጀመሪያ ይሄን አንድ ወር ተጠቀሙበት። እጃችሁ ከለመደው በኋላ የሚጎድላችሁ ነገር ካለ ያኔ ቶታልን ግዙ።

ዳይሬክተሪ ኦፐስ የሚባልም አለ፤ በፈረንጆቹ 1990 አሚጋ ኮምፒውተር ላይ የተጀመረ የአውስትራሊያ ሥራ። ቆንጆ ነው፤ ለእኛ ሰፈር ሱቅ ግን ውድ ነው። አልፈዋለሁ።

ቢዮንድ ኮምፔር ወይስ ዊንመርጅ፦ ለሒሳብና ለሰነድ

የሒሳብ ባለሙያው ችግር ከፎቶ ቤቱ ይለያል። እሱ የሚፈልገው የመስከረምና የጥቅምት የደመወዝ ሰንጠረዥ ውስጥ የትኛው ረድፍ እንደተለወጠ ማወቅ ነው።

ቢዮንድ ኮምፔር ለዚህ የተሠራ ነው። ጽሑፍን በመስመር፣ ሰንጠረዥን በረድፍና በዓምድ፣ ምስልንም ጎን ለጎን ያነጻጽራል። ስታንዳርዱ ወደ 35 ዶላር ነው፤ ፕሮ የሚባለው እጥፍ ይሆናል። ለአንድ የሒሳብ ቢሮ ስታንዳርዱ ይበቃል። የመሞከሪያው 30 ቀን የሚቆጠረው የከፈታችሁበት ቀን ብቻ ነው። በሳምንት አንዴ ብትጠቀሙበት ከግማሽ ዓመት በላይ ይቆያል። ይሄ ለገዢ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳትቸኩሉ ትወስናላችሁ።

ዊንመርጅ ነጻ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል። ጽሑፍም፣ ፎልደርም፣ ምስልም ያነጻጽራል። የኤክሴል ፋይሉን ወደ ሲኤስቪ (ሰንጠረዡን በተራ ጽሑፍ ወደሚይዝ ፋይል) ቀይራችሁ ብትከፍቱት በሰንጠረዥ መልክ ያሳያችኋል። ሴቭ ስታደርጉ ግን "ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8" የሚለውን ምረጡ። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ የሠራተኞቹ የአማርኛ ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ይህን መንገድ ለመልመድ ትዕግሥት ያለው ሰው ቢዮንድ ኮምፔር አያስፈልገውም። በወር ብዙ ድርጅት የሚሠራ ግን ይክፈል፤ ጊዜው ከ35 ዶላር ይበልጣል።

ኤቭሪቲንግ፦ ለመፈለግ ብቻ

ይህን ሁሉም ሰው ቢጭነው ደስ ይለኛል። ነጻ ነው፣ ትንሽ ነው። የኤንቲኤፍኤስ ዲስክን የፋይል መዝገብ በቀጥታ ስለሚያነብ ስሙን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ፋይሉ ይመጣል። አንዱ "ሠርግ" ብሎ፣ ሌላው "ሰርግ" ብሎ ሴቭ ካደረገ ኮምፒውተሩ እንደ ሁለት የተለያየ ስም ነው የሚያየው። መሐላቸው ቀጥ ያለ መስመር አድርጋችሁ "ሠርግ|ሰርግ" ብላችሁ ፈልጉ፤ ሁለቱንም ያመጣል። ፋት32 ወይም ኤክስፋት በተባሉት ሌሎች የዲስክ አሠራሮች የተዘጋጀ ፍላሽን ግን በራሱ አያነብም። ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ፎልደሩን መጨመር አለባችሁ።

ስለ ክፍያ

ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ 40 ዩሮም 35 ዶላርም በብር ሲሰላ ቀላል አይደለም። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድም ሁሉም እጅ ላይ የለም። አንዳንዱ በዚህ ምክንያት ቴሌግራም ላይ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተነካካ ቅጂ፣ ይፈልጋል። እባካችሁ አታድርጉት። ይህ ፕሮግራም የዲስካችሁን እያንዳንዱን ፋይል የማንበብ፣ የመቀየርና የማጥፋት ሥልጣን የምትሰጡት ነው። ማን እንደነካካው የማይታወቅ ቅጂ ላይ የደንበኛን ፎቶና የሠራተኛን ደመወዝ አታስቀምጡ። ነጻዎቹን ከየራሳቸው ድረ ገጽ አውርዱ።

ቶታል ኮማንደርን ለመግዛት ከወሰናችሁ፣ ካርድ ያለው ዘመድ ውጭ አገር ካለ እሱ ይክፈልላችሁ፤ ፈቃዱ ግን በእናንተ ስም ይሁን። ስትገዙ የቁልፍ ፋይል ይደርሳችኋል። ፕሮግራሙ ያለበት ፎልደር ውስጥ አስቀምጡትና አንድ ቅጂ ኢሜይላችሁ ላይ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ያዙ። ኮምፒውተር ስትቀይሩም ያው ቁልፍ ይሠራል።